ሰፌዱ ባዶውን አይመለስም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅድሚያ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በደብረ ማርቆስ ከተማ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ጋዜጣችሁ የሚደርሰኝ ዘግይቶ ነው፤ ከሱቄ ጎን ያለው ሻይ ቤት ደንበኞች አንብበው ከጨረሱት በኋላ፣ አንዳንዴም የሻይ ብርጭቆ ክብ ምልክት ታትሞበት። ስለዚህ ስለ ከተማ ግብርና ያወጣችሁት ጽሑፍ ስንት ሳምንት እንደሆነው አላውቅም። ጽሑፉ መልካም ነበር። ሞዴል የተባለው ጓሮ፣ ሊጎበኙ የመጡት እንግዶች፣ ካሮት ይዘው የተነሡት ፎቶግራፍ፣ ሁሉም ጥሩ ነው። «የሌማት ትሩፋት» የሚባለው ሥራ በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ብዙ አይቻለሁ፤ አልጠላሁትም። ነገር ግን በጽሑፉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወይ አምራች ነው ወይ ገዢ። እኔ ሁለቱንም አይደለሁም። እኔ የጎረቤት ጓሮ በላተኛ ነኝ። በዘመኔ አንድ የሽንኩርት ራስ አልተከልሁም፤ ጎመን የገዛሁበትም ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው። እናንተ ስለ ሌማቱ ጻፋችሁ፤ እኔ ደግሞ ስለ ሰፌዱ ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ። መጨረሻ ላይ አንድ ልመና አለኝና እስከዚያ ታገሡኝ።

ሰፌዱ የእትዬ ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ጋዜጣ ላይ መውጣታቸውን ቢሰሙ እስከ ጥምቀት አያናግሩኝም። ዕድሜያቸው ሰባን ተሻግሯል። ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ይላቸዋል፤ ሕፃናቱ ብቻ «እማማ ጎመን» ይሏቸዋል፣ እሳቸውም ሳይቆጡ አቤት ይላሉ። እኔና ባለቤቴ ከጓሯቸው ወዲህ ያለውን ቤት የተከራየነው በ1998 ዓ.ም. ነው። ዕቃችንን ከጋሪ አውርደን ሳንጨርስ ከሰንሰሉ አጥር መካከል አንድ ክንድ ብቅ አለ። ክንዱ ላይ ሰፌድ፣ ሰፌዱ ላይ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር። «ዛሬ እሳት የምታነዱበት ጊዜ የላችሁም፣ ተቀቅሏል» የሚል ድምፅ ተከተለ። የተቀቀለ ጎመንና ድንች ነበር፣ ገና ትኩስ። ፊታቸውን ያየሁት በማግስቱ ነው።

ጓሮው ትልቅ አይደለም። ልብስ ሰፊ የማይለካው ነገር የለምና በልብስ መለኪያ ሜትሬ እየቀጣጠልሁ ለክቼዋለሁ፤ ወርዱ 6 ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ 9 ሜትር ነው። በዚህች ቁራሽ መሬት ላይ የሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ሰላጣ፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንች በየመደባቸው አሉ። ዳር ዳሩን ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረትና ጠጅ ሣር ይዘውታል። በማዕዘኑ ላይ ቅጠሉ ለዳቦ መጋገሪያ የሚቆረጥ ኮባና አንድ ጌሾ አለ። የቀረው ክፍት ቦታ ሁሉ አበባ ነው። ክፍት ቦታ ማለቴ ለአነጋገር ነው፤ እትዬ እግራቸውን የሚያሳርፉበት ድንጋይ ዙሪያው እንኳ አበባ ነው።

ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ እሳቸው ዘንድ ሁለት ጊዜ ሥራ ሳይሠራ መሬት የሚነካ ውኃ የለም። ምስር የታጠበበት ወደ መደቡ ይሄዳል። የሳሙናው ለብቻው ተቀምጦ ክሽክሽ የያዘው ጎመን ላይ ይረጫል። የምድጃው አመድ ተነፍቶ፣ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ፣ ቅጠሉ ላይ ይበተናል። ድንች ከተነሣበት መደብ ላይ በሚቀጥለው ዓመት ድንች አይገባም፤ ባቄላ ይገባል፣ ከባቄላው በኋላ ጎመን። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ምድርም እንደ ሰው አንድ ዓይነት ወጥ ይሰለቻታል» አሉኝ። በኋላ አንድ የግብርና ባለሙያ ደንበኛዬ፣ ሱሪውን ሳሳጥርለት፣ ነገሩን አስረዳኝ። ባቄላ መሬቱን በናይትሮጂን ያዳብራል፤ ድንች ደግሞ በየዓመቱ አንድ ቦታ ሲተከል አፈሩ ውስጥ የተረፈው በሽታ ይጠብቀዋል። ይኸው ሰው ቆስጣና ቀይ ሥር አንድ ዘር እንደሆኑ፣ የቀይ ሥር ቅጠል እንደ ቆስጣ ተሠርቶ እንደሚበላም ነገረኝ። ይህን ይዤ እትዬ ዘንድ ሮጥሁ። «ታዲያ እስከ ዛሬ ቅጠሉን ትጥለው ነበር?» ብለው እንደ ሌባ አዩኝ።

በዚህ ጓሮ ውስጥ የእኔ ድርሻ ማሰሪያ ማቅረብ ነው። ከመቀሴ የሚወድቀውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ሰብስቤ እሰጣቸዋለሁ፤ የዘመመውን ያቃኑበታል፣ ድጋፍ እንጨቱን ያስሩበታል። ስለዚህ ጓሮው የደንበኞቼን ልብስ ለብሷል። የቲማቲሙ አረንጓዴ ማሰሪያ የማን ቁምጣ እንደነበር አውቃለሁ። ዳሊያዋን ቀጥ አድርጎ የያዘው ባለ መስመር ሰማያዊ ጨርቅ ከአንድ ሙሽራ ሱፍ የተረፈ ነው። የሙሽራው ትዳር በሁለተኛው ዓመት ፈረሰ፤ ጨርቁ ግን እስከ ዛሬ አልላላም።

ባለፈው ሐሙስ የመጣውን ሰፌድ ልንገራችሁ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል አይሆንም ነበር። ጎመኑ ከግርጌ ከግርጌው እየተቀነጠሰ የተለቀመ፣ በኮባ ልጥ የታሰረ ነው፤ ጤዛው ቅጠሉ ላይ እንደ ዶቃ ቆሟል፣ ጣቴን ሳስጠጋ ተንከባልሎ ወረደ። አጠገቡ ሦስት ካሮት ከነአፈሩ። አንደኛው ከወገቡ በታች ለሁለት የተከፈለ፣ ሰው የሚመስል ነው። እንዲህ ያለውን ለእኔ ይመርጡልኛል፤ «ይህኛው ራቁቱን ነው፣ ቁምጣ ስፋለት» ይላሉ። ሁለት ቀይ ሥር ከነቅጠሉ፣ ለቡናዬ የምትሆን አንዲት ዘለላ ጤና አዳም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀይ ዳሊያ። ዳሊያዋ ውስጥ አንድ ጉንዳን ነበር። መውጫ አጥቶ ከአንዱ የአበባ ቅጠል ወደ ሌላው ሲዞር ሻዬ እስኪፈላ ድረስ ቆሜ ተመለከትሁት።

የገበያው አትክልት ምንም ጥፋት የለበትም። ከሩቅ መጥቶ ነው እንጂ። ከመራዊ፣ 7,000 ሄክታር ከሚያለማው የቆጋ መስኖ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን ቢጫን ማርቆስ ለመድረስ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ በሸራ ሥር ታፍኖ፣ ጆንያ በጆንያ ላይ ተደርቦ። እኔም እንደዚያ ተጭኜ ብመጣ እጠወልጋለሁ። የእትዬ ጎመን ግን የሚጓዘው አራት እርምጃ ነው። ስከትፈው ቢላዋው ሥር ይንኮሻኮሻል። ስቀቅለው ውኃ አልጨምርበትም፤ ሲታጠብ የያዘው ይበቃዋል። ሽንኩርቱን በኑግ ዘይት አቁላልቼ፣ ነጭ ሽንኩርት ጣል አድርጌ፣ ሊወጣ ሲል ቃሪያ ሰንጥቄ እጨምርበታለሁ። ባለቤቴ በ2011 ዓ.ም. ካረፈች ወዲህ የማበስለው ራሴ ነኝ። የእሷን እጅ አያክልም፤ ግን እንዲህ ያለውን ጎመን ለማበላሸት የተለየ ስንፍና ይጠይቃል። እሷ ያረፈች ሰሞን ሰፌዱ በቀን ሁለት ጊዜ ይመጣ ነበር፣ አንድም ቃል ሳይጨመርበት።

ድንቹን ሲያወጡ ማየት ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ተክሉን አይነቅሉም። በርጩማቸውን ስበው ይቀመጡና አንድ እጃቸውን አፈሩ ውስጥ ይከትታሉ፤ ከተኛች ዶሮ ሥር ዕንቁላል እንደሚፈልግ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ይዳስሳሉ። ትልቁን ለይተው ያወጣሉ፣ ትንሹን «አንተ ገና ነህ» ብለው ይተዉታል፣ አፈሩን መልሰው ያለብሱታል። ተክሉ የተወሰደበት መሆኑን ያወቀም አይመስል። ከጎመኑም ጥቂቱ ሳይቀነጠስ ይተዋል፤ ቢጫ አበባ ያወጣል፣ የሰፈሩ ንብ ይሰበሰብበታል። ዘሩ ግማሹ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀመጣል፣ ግማሹ ለምጣድ ማሰሻ ይሆናል።

እንግዲህ የሰፌዱን ሕግ የማያውቅ ወጣት አንባቢ ካለ ላስታውሰው። የጎረቤት ሰፌድ ባዶውን አይመለስም። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ይህ የእኔ ጭንቀት አልነበረም፤ ትኩስ ቂጣ ታኖርበታለች፣ ቆሎ ታኖርበታለች፣ በዓል ሲሆን የድፎ ዳቦ ቁራሽ። ከእሷ ወዲያ ሰፌዱን ይዤ ቤቴ መካከል ቆሜ ቀረሁ። ወንድ ብቻውን ሲኖር ቤቱ ውስጥ ሰፌድ ላይ የሚቀመጥ ነገር እንደሌለ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ክር ሰጠሁ፣ መርፌ ሰጠሁ፣ የነጠላቸውን የተቀደደ ጥለት ሰፍቼ መለስሁ። ስኳርና ቡናም ሞከርሁ። አንድ ጊዜ ግን ምን እንዳሰብሁ እንጃ፣ አንድ መቶ ብር አኖርሁ። ሰፌዱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተመለሰ። መቶ ብሩ እንደተቀመጠ ነው፤ ነፋስ እንዳይወስደው አንድ ድንጋይ ተጭኖበታል። ሌላ ነገር አልነበረበትም። ለአሥር ቀን ጎመን አልበላሁም።

እትዬ በሰፌድ መናገር ይችሉበታል። ቀደም ሲል አራት ዶሮዎች ነበሩኝ። አንድ ቀን በአጥሩ ሽንቁር ሾልከው ገብተው አዲስ የተዛወረውን የሰላጣ ችግኝ ጫሩት። እኔ አላየሁም፤ እሳቸውም መጥተው አልተናገሩኝም። በማግስቱ ሰፌዱ እንደ ወትሮው መጣ። ላዩ ላይ ከሥራቸው የተነቀሉ ሃያ ሦስት የሰላጣ ችግኞች ተደርድረዋል፣ በመካከላቸውም አንዲት የዶሮ ላባ። ዶሮዎቹን በዚያው ሳምንት ሸጥኋቸው።

ስለ ቲማቲሙም ሳልናገር ባልፍ እውነተኛ አልሆንም፤ ሁሉን አወድሼ ካለፍሁ ደብዳቤዬን ማን ያምነዋል? ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ ለድንችና ለጎመን እንጂ ለቲማቲም ወዳጅ አይደለም። ክረምት ላይ ደግሞ ዋግ አለ፤ ቅጠሉን በሳምንት ውስጥ አጥቁሮ ይጥለዋል። እትዬ ግን በየዓመቱ ይተክላሉ፣ በየዓመቱም «ዘንድሮ ይይዛል» ይላሉ። አንድ ዓመት ፍሬው ሳይቀላ ኅዳር ገባ። ውርጭ ሳይቀድማቸው አረንጓዴውን ለቅመው አንድ ሰፌድ ሙሉ ላኩልኝ። ቀመስሁት፤ ምላሴን እንደ ኮምጣጤ ሰበሰበው። የቀረውን በጋዜጣ ጠቅልዬ (የእናንተ ጋዜጣ አልነበረም) ጣልሁት። «እንዴት ነበር?» ሲሉኝ «እጅግ ጥሩ ነበር፣ እትዬ» አልሁ። በሳምንቱ እጥፍ ላኩልኝ። በሦስተኛው ሳምንት ሰፌዱ ሲመጣ አላስቻለኝም፣ እውነቱን ተናገርሁ። በሳቅ ፍርስ ብለው «እኔስ መቼ በላሁትና! ስትወደው ጊዜ ነው የላክሁልህ» አሉኝ።

ጎመን ሲሰደብ ግን አይስቁም። ለዘመን መለወጫ ችቦ ሲቀጣጠል «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባላል። ክረምቱን ጎተራው ተራቁቶ ጎመን በልቶ የከረመ ሰው፣ እህሉ ሊደርስ ሲል ጎመኑን የሚያሰናብትበት ነው። እትዬ ይህን ሲሰሙ ከደጃፋቸው ሆነው «ውለታ ቢስ ሁሉ! ሐምሌን ማን አሻገራችሁ?» ይላሉ። ልጆቹም ይህን ስለሚያውቁ ችቧቸውን ይዘው በራቸው ላይ ቆመው ሆን ብለው ይደጋግሙታል።

ሐምሌን ብቻም አይደለም። በቅርብ ዓመታት መንገድ ተዘግቶ መኪና ሳይገባ የሰነበተባቸው ሰሞኖች ነበሩ፤ የጎጃም አንባቢ ያስታውሳቸዋል፣ ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። ገበያ ላይ ሽንኩርት በኪሎ መሆኑ ቀርቶ በፍሬ ይሸጥ ነበር። ያን ጊዜ እትዬ ጎመኑን በቅጠል ቆጠሩት። በዙሪያቸው ሰባት ቤት አለን፤ ለእያንዳንዱ ቤት አሥራ ሁለት ቅጠል፣ ሕፃን ላለበት ቤት ሁለት ካሮት በተጨማሪ። አንድ ጠዋት ሰፌዱን ስቀበል ቆጠርሁና አሥራ ሦስት ቅጠል አገኘሁ። ተሳስተው እንደሆነ በአጥሩ በኩል ነገርኋቸው። «አንተ ለራስህ ማብሰል ገና አልለመድህም፣ አንዱን ታሳርረዋለህ ብዬ ነው» አሉ።

ይህ በማንም ሪፖርት ላይ አልገባም። በአካባቢያችን የጓሮ አትክልት ያላቸውን አባወራዎች ሲመዘግቡ የእትዬንም ቤት አንኳኩተው ነበር። በወር ስንት ኪሎ ለገበያ እንደሚያቀርቡ ጠየቋቸው። «ምንም» አሉ። መዝጋቢው ምንም ብሎ ጻፈ፤ ልጁ የተጠየቀውን ቅጽ ነው የሞላው፣ አልወቅሰውም። ሲወጣ አንድ እስር ቆስጣ አሸክመውታል፤ እሱንም አልጻፈውም።

አሁን ወደ አበባው ልምጣ፤ ልመናዬም ያለው እዚያ ነው። አዲስ አበባ የምትኖረው ልጄ ባለፈው ፋሲካ ስትመጣ የፕላስቲክ ጽጌረዳ ይዛልኝ መጣች። ሐሳቧ ደግ ነው፤ እኔም ዳንቴል አንጥፌ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አኖርሁት። እትዬ ለቡና ሲመጡ ዓይናቸው አረፈበት።

«አንተ ልጅ፣ የሞተ አበባ ቤትህ ውስጥ ታኖራለህ?»

«አልሞተም እኮ እትዬ፤ ድሮም አልተወለደም።»

በጣታቸው ነካ አድርገው ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ብዙ አበባ ለውጭ ገበያ የምትልከው አገራችን ናት። ጽጌረዳችን በአውሮፕላን ተጭኖ ሆላንድ ሲገባ የእኔን ቴሌቪዥን የሚጠብቀው ከውጭ የመጣ ፕላስቲክ መሆኑ ሳስበው ይገርመኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጎመኑ በላይ አበባ የማይኖርበት ሳምንት ብዙ የለም። ፕላስቲኩን ግን አልጣልሁትም፤ ልጄ ስትደውል «አበባው አለ?» ትለኛለች፣ አለ እላታለሁ።

ወርኃ ጽጌ ሲገባ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት አርባ ቀናት ከእትዬ ቤት አበባ የሌለበት ሰፌድ አይወጣም። የጽጌ ጾም የፈቃድ ነው፤ እሳቸው ግን አንድም ዓመት አልፈውት አያውቁም። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከጓሯቸው የተሻለውን አበባ መርጠው በብርጭቆ ውኃ ውስጥ አድርገው ግድግዳቸው ላይ ካለው፣ እመቤታችን ልጇን ከታቀፈችበት ከምስለ ፍቁር ወልዳ ሥዕል ሥር ያኖራሉ። አሁን የሚያኖሩት ቀይ ዳሊያ ነው። ቀድሞ ግን ነጭ ጽጌረዳ ነበረች።

ያቺን ጽጌረዳ እኔም አውቃታለሁ። በውጭ በር በኩል ካለው አጥር ሥር ነበረች፤ ነጭ፣ ድርብርብ፣ መካከሏ ላይ እንደ ወተት ስልባቦት ገርጣ ያለች። ሽታዋ ማታ ማታ እኔ ቤት ድረስ ይመጣ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት የውኃ ቧንቧ ሊቀበር ቦይ ሲቆፈር ተነቀለች። ቆፋሪዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ እትዬ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር፣ ጎረቤትም «ይህቺን ተዉ» ያላቸው የለም፤ ጎረቤት የምለው ራሴን ነው፣ ሱቅ ነበርሁ። ሲመለሱ አፈሩ ላይ ተጋድማ፣ ሥሯን ፀሐይ መትቶት አገኟት። ሦስት ቅንጣቢ ቆርጠው ተከሉ፤ አንዱም አልያዘም። ቧንቧው ተቀብሯል። ውኃው ዛሬም በፈረቃ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስፈልግላቸው ኖሬአለሁ። ቀይ አለ፣ ሮዝ አለ፣ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ቢጫ አግኝቼ ለምኜ ነበር። ችግኝ ማፊያ ሄጄ ስጠይቅ የአጥር ጽድና ግራቪሊያ አሳዩኝ። ነጭ የተባለ ቅንጣቢም አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር መጥቶልን ነበር፤ ያዘ፣ አደገ፣ ሲያብብ ግን ሽታ የለውም። እትዬ ቀርበው አሸተቱት፣ ደግመው አሸተቱት፣ «መልኳ ቆንጆ ነው፤ ግን አትናገርም» አሉ።

ከልመናዬ በፊት ስለ አጥር ሁለት ቃል። ስለ ከተማ ግብርና ስትጽፉ ስለ ዘር፣ ስለ ውኃና ስለ ማዳበሪያ ትጽፋላችሁ፤ አንድ ቀን ስለ አጥርም ጻፉ። በሰፈራችን ሰንሰሉና ግራዋው ተነቅሎ ብሎኬት እየገባ ነው። የእኔም አከራዮች በመካከላችን ያለውን አጥር ጥር ላይ በ2 ሜትር ከ50 ግንብ ሊተኩት ነው። ቤቱ የእነሱ ነው፣ መከልከል አልችልም። ሽንቁሯ ግን ብትቀር ብዬ ለመንሁ። «ሌባ ይገባበታል» አሉኝ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በዚያ ሽንቁር የገባ ሌባ ካለ የእኔ ዶሮዎች ናቸው። ብዙ ተነጋግረን በመጨረሻ ትንሽ መስኮት ለመተው ተስማሙ፤ የማጠፊያውንና የመቀርቀሪያውን ዋጋ እኔ እችላለሁ። የሰፌዱን ወርድ በሜትሬ ለክቼ ለግንበኛው ሰጠሁት፤ 52 ሳንቲ ሜትር። «ይህ የምን መስኮት ነው፣ ሰው አያሾልክ፣ ብርሃን አያስገባ?» አለኝ። «የሰፌድ» አልሁት።

እነሆ ልመናዬ። የሐሙሱ ሰፌድ እስካሁን እኔ ዘንድ ነው፤ ስፌት ማሽኔ ላይ ተቀምጧል፣ ደንበኞች ሲመጡ ወደ ወንበር አዛውረዋለሁ። ዳሊያዋ ጠውልጋለች። ሰፌድ ለአምስት ቀን ይዤ አላውቅም፣ እትዬም በአጥሩ በኩል «ሰፌዴ አይጥ በላው?» ማለት ጀምረዋል። የጋዜጣው አንባቢ በሆነ ግቢ ውስጥ ነጭ፣ ድርብርብ፣ ሽታ ያላት ጽጌረዳ ያለችው ሰው ቢኖር ቅንጣቢዋን ይለግሰኝ። ሥር የያዘች ብትሆን እመርጣለሁ፤ ካልሆነም የእርሳስ ውፍረት ያላት፣ ሦስት አራት ዓይን ያላት ትበቃለች። በረጠበ ጨርቅ ተጠቅልላ በአውቶቡስ ብትላክ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ እቀበላለሁ፤ አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ ለብቻው ጽፌያለሁ። ስለ ውለታው ሱሪ ማሳጠር ወይም ኮት መገልበጥ ቢያስፈልገው ዋጋ አልጠይቅም። ገንዘብ ግን አልልክም፤ ድንጋይ ተጭኖበት እንዳይመለስብኝ።

ኅዳር 5 ሳያልፍ ብትደርስ ደስ ይለኛል። ካለፈም ግድ የለም፤ እትዬ ከውጭ በሩ አጥር ሥር የቆፈሯት ጉድጓድ ከዓመት ዓመት አለች። ፍግ ገብቶባታል፣ ማንም እንዳይረግጣትም አራት እንጨት ተተክሎ ባለ መስመር ሰማያዊ ጨርቅ ዙሪያዋን ተወጥሯል።

ከአክብሮት ጋር
ልብስ ሰፊው፣ ከደብረ ማርቆስ